እስከ አያት ስም

ያን ቅዳሜ ጠዋት አሠልጣኝ ዘነበች ሳሩ ላይ ተንበርክካ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ ያልኳትን ሰምታኝ ነበር? ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ መልሱን አላገኘሁም። ከእንግዲህም አላገኘውም። የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ በነሐሴ ሞታለች።

መሞቷን የነገረችኝ ጫልቱ ናት። ጫልቱ ሱሉልታ ተወልዳ ያደገች፣ ወተት የምታከፋፍል፣ አብረውኝ ጠዋት ጠዋት ከሚሮጡት ሴቶች ሁሉ ይበልጥ ከእኔ ጋር የምትግባባ ሴት ናት። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ ስለነበር፣ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አፍንጫዬ ላይ ጨርቅ አስሬ መደርደሪያ እወለውል ነበር። ሥራ ላይ ስልክ አላነሳም። ሦስተኛ ጊዜ ስትደውል አነሳሁት። ሌላ ቀን «አካም ቡልቴ» ሳትል ወሬ የማትጀምረው ጫልቱ ሰላምታም አልሰጠችኝም።

«ኮች አረፉ» አለችኝ።

«የቷ ኮች?»

«ስንት ኮች አለን እታፌ? እትዬ ዘነበች ናቸዋ! ብርድ መቷቸው ነው አሉ። ሦስት ቀን ሲያስሉ ሰነበቱ፤ ዝንጅብሉም ዳማከሴውም ተሰጣቸው፤ ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ሲሏቸው እምቢ…»

ልቅሶዋ ንግግሯን ቆረጠው። እኔ አላለቀስኩም። በእጄ የያዝኩትን መጽሐፍ ቁጥሩን አይቼ በቦታው አስገባሁና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብርድ አልነበረም። ብርድ አለመሆኑን ከእሷ ሌላ የማውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አውቄም ዝም ብያለሁ።

የሞተን ሰው ደግ ደጉን ማንሳት ልማድ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ደግ ላነሳላት አይደለም። ዘነበችን አልወዳትም ነበር፤ አሁንም አልወዳትም። በሕይወት ሳለች «እርስዎ» እላት ነበር። እዚህ ግን አልላትም።

ስለ ራሴ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ልበል። አስም የያዘኝ ሰበታ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ የጥጥ ብናኝ ስውጥ ነው። ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር አይንቅም፤ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ቢሆን እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ ያነባል። ኋላ ቡራዩ ተከራይቼ ስኖር አንዲት ወጣት ሐኪም በአፍ የሚሳቡ ሁለት ፓፎች አዘዘችልኝ። ቡናማው ጠዋትና ማታ፣ ታመምኩ አልታመምኩ የሚወሰድ ነው። ሰማያዊው ሲያፍነኝ፣ ደግሞም ስፖርት ከመጀመሬ ሩብ ሰዓት በፊት። «ስፖርት አትፍሪ፤ ሰውነትሽን ሳታሟሙቂ መሮጥን ፍሪ» አለችኝ። ደብተር ገዛሁ። ያን ቀን ያለውን አየር፣ የተጓዝኩበትን ርቀት፣ የሳብኩትን ፓፍ በየቀኑ መጻፍ ጀመርኩ። ሥራ አግኝቼ ሱሉልታ ስገባ ደብተሩም አብሮኝ ገባ።

ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት የሯጭ ነች። ብቻዋን የምትሮጥ ጎልማሳ ሴት ግን ውሻ ያሯሩጣታል፣ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ማዘር፣ ማን አባሮሽ ነው?» ይላታል። ስለዚህ የሴቶች ቡድን አለ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ከጎጃም መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው መስክ ላይ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገናኛሉ። አሠልጣኛቸው በወጣትነቷ ለአንድ ክለብ የሮጠች ሴት ናት ተባልኩ። ሄድኩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ የተሰቀለ ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። ብርዱ ከንፈሯን እንዳይሰነጥቀው ቫዝሊን ትለቀልቀው ስለነበር ከሩቅ ያበራል። ፀሐይ እስክትወጣ አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ ትሸፍናለች። ድምፅ ማውጣት አትወድም፤ ሁለት ጊዜ ካጨበጨበች እንጀምራለን፣ አንድ ጊዜ ካጨበጨበች እንቆማለን። እጄን አየችና በአገጯ ጠቆመችው።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ፓፍ ነው። አስም አለብኝ።»

«ምርኩዝ በይዋ! የእኔ ልጆች ባዶ እጃቸውን ነው የሚሮጡት። ጥቅሉ ውስጥ ክተቺው።»

ጥቅል የምትለው የራሷን አሮጌ ካፖርት ነው። ልምምድ ሳይጀመር ሳሩ ላይ ይነጠፋል፤ ስልኩም፣ ቁልፉም፣ የጫልቱ የወተት ደብተርም ሳይቀር እዚያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በእጅጌዎቹ ታስሮ ዘነበች አጠገብ ይሆናል። ከእሷ በቀር ማንም አይፈታውም። መጨረሻ የደረሰች ሴት ጥቅሉን ተሸክማ እስከ አስፋልቱ ትሄዳለች። ለአንድ ዓመት ያህል ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ።

ስሜን ጠይቃኝ ነገርኳት፤ አንድም ቀን አልጠራችኝም። «ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝና ቤተ መጻሕፍት ስላት «ላይብረሪ» ብላኝ ቀረች። «ላይብረሪ፣ ገጽ እየገለጥሽ ነው ወይስ እየሮጥሽ?» «ላይብረሪ፣ እግርሽን አንሺ፤ እዚህ ዝም በሉ የሚል የለም!» ሴቶቹ ይስቃሉ። እሷ አትስቅም። ሰው ሁሉ ሲስቅ ፊቷን አዙራ ጥቂት እርምጃ ትርቃለች። ለእኛ ሳቅ የማትወርድ ሆና ነው የሚመስለኝ የነበረው።

ሁለተኛው ወር ላይ ነው፤ ከመስኩ ማዶ ያለውን የባሕር ዛፍ አቀበት ስንወጣ ደረቴ ማፏጨት ጀመረ። ተመለስኩ። ዘነበች ጥቅሉ ላይ ተቀምጣለች።

«ፓፌን ይስጡኝ።»

ተነሥታ ሁለት ጣቶቿን ጉሮሮዬ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ላይ አሳረፈች። ከማንኛችንም ጋር እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ናቸው።

«ገና ነሽ» አለች። «ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ። እስከ አያትሽ። በአንድ ትንፋሽ ከጠራሽው ደህና ነሽ፤ ትመለሺና ትሮጫለሽ። ካቃተሽ እሰጥሻለሁ።»

«እታፈራሁ… ወልደ…»

«እ?»

«ወልደማርያም… ገብረ…»

ሌሎቹ አቀበቱን ወርደው ደረሱብን። ዘነበች ወደ እነሱ ዞረች። «ላይብረሪ አያቷ ጠፉባት! ከመደርደሪያው ላይ ፈልጉላት!»

ሳቁ መስኩን ሞላው። ጫልቱ ሳትቀር ሳቀች፤ «ጫልቱ ዱላ ቱፋ!» ብላ ሙሉ ስሟን እንደ ጥይት አስፈነጠረችውና «ማሎ፣ እባክሽ እታፌ፣ የእኔን አያት ላውስሽ!» አለችኝ። ገብረእግዚአብሔር ይባሉ ነበር አያቴ። ስማቸው ለታመመ ደረት ረጅም ነው። ፓፉን ያገኘሁት ጉልበቴ መሬት ከነካ በኋላ ነው፤ ያውም በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥላ።

ልክ ለሆነው ነገር ልክ ነው እላለሁ። ፈተናው ልክ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው የአስም ሕመምተኛ መሮጥ እንደሌለበት ሐኪሟ በሰጠችኝ ወረቀትም ላይ ተጽፏል። ክፋቷ ፈተናው ላይ አልነበረም፤ ከወደቅኩ በኋላ ታስቆየኝ የነበረው ላይ ነው። ያቺ ግማሽ ደቂቃ ምን ያህል እንደምትረዝም የሚያውቅ ያውቃታል።

ታዲያ ለምን አልተውሽም ትሉኝ ይሆናል። በዓመቱ ያን አቀበት ሳልቆም ወጣሁት። ይህን መጻፍ ይመርረኛል፣ ግን እውነት ነው። የዘነበች አሠራር ከሌሎቹ አሠልጣኞች የተለየ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በእርምጃ ታስኬደን ነበር፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ደግሞ እርምጃ። በአጠገባችን የሚያልፉት ወጣት ሯጮች «እናቶች፣ ሙሽራዋስ የታለች?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። በብርድ ቀን ሻርፕ ያላደረገች ሴት አትሮጥም። ሣር ወይ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚቃጠልበት ቀን ከሆነ አንድ ጊዜ ታጨበጭብና ወደ ቤታችን ትመልሰናለች። «ጭስ ለሰነፍ ሳንባ ሰበብ ነው፤ ሰበብ አልሰጣችሁም» ትላለች። የክለብ ሥርዓት ነው ብለን ተቀበልነው። ሐኪሟ የሰጠችኝ ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ዘነበች መስክ ላይ እንዳለ አስተውዬ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ስጠላ አልጠይቅም።

ጠቡ የመጣው በደብተሬ በኩል ነው። አንድ ሰማያዊ ፓፍ ሁለት መቶ ጊዜ ይነፋል፤ ላዩ ላይ ተጽፏል። እኔ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ሁለት እስባለሁ፣ ካፈነኝ እጨምራለሁ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። እስከ ሰኔ ሊያደርሰኝ የሚገባው በመጋቢት አለቀ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ደመርኩ። አልተሳሳትኩም። ቀጣዩም ከጊዜው ቀድሞ አለቀ። ሦስተኛውን ከጥቅሉ በወጣ ቁጥር እየመረመርኩ መያዝ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ላይ ጣቴን አዳለጠው። ቫዝሊን ነበር።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። በሯጭ ከተማ ስለ ፓፍ የሚወራ ወሬ አለ፦ ጤነኛ ሰው ቢስበው ሳንባው ይከፈታል፣ አቀበቱ ሜዳ ይሆንለታል ይላሉ። ዘነበች ቤዛ የምትባል ሴት ልጅ አለቻት። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ውድድር የምትሮጥ፣ የእናቷ ዓይን ማረፊያ። እኛ አቀበቱን ስንወጣ ቤዛ ከእናቷ ጋር መስኩ ላይ ትቀራለች። እሷም እንደ እናቷ ቫዝሊን ትቀባለች። ደመደምኩ፦ እኔን በምርኩዝ እየሰደበች፣ የእኔን መድኃኒት ለልጇ እየሰጠች ነው! ለሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አፈነኝም፤ እሱንም ጽፌዋለሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ፊት ለፊት ይጠይቅ ነበር። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ዝምተኛ ሰው ያዘጋጃል። ያለቀውን አሮጌ ፓፍ ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ጠረግሁት፣ ጥቅሉ ውስጥ የማስቀምጠው እሱን ሆነ። ሙሉውን ካልሲዬ ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደበቅሁት። አንድ ቀን ትመጣና «ፓፍሽ ባዶ ነው» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። የምመልስላትንም አጥንቼ ነበር፦ «ባዶ መሆኑን እርስዎ በምን አወቁ?» ስሄድም ስመጣም ለራሴ እለው ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ነው፤ ጥር። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ስንጀምር አየሩ ጥሩ ነበር። አቀበቱ ላይ ሳለን ከመስኩ ዳር ያለ ገበሬ አረሙን ከምሮ አቃጠለና ነፋሱ ዞረ። ወደ ኋላ ሳይ ጭሱ ሳሩ ላይ ተኝቶ ወደ ዘነበች ይሳባል። ያን ቀን ቤዛ አልመጣችም። ዘነበች ብቻዋን ናት። ስታጨበጭብ ጠበቅሁ፤ አላጨበጨበችም። ጥቅሉን ስትፈታ አየሁ።

ሌሎቹ አቀበቱን ተሻግረው ወርደዋል። እኔ ቆምኩ። ከዛፎቹ መካከል ሆኜ ፓፉን አፏ ላይ ስትደግን አየሁ። ተጫነች። ነቀነቀችው፤ ደግማ ተጫነች። «ያዝኩሽ» አልኩ በልቤ። እንዲያውም በከንፈሬ ሳልለው አልቀረሁም። ለምን ራሷ እንደምትስበው አላሰብኩም፤ መያዜ ብቻ ነው የታየኝ። ያጠናሁትን ዓረፍተ ነገር እየደጋገምኩ አቀበቱን በእርምጃ ወረድኩ። በሩጫ አልወረድኩም። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ስደርስ ተንበርክካለች። ትከሻዋ ከጆሮዋ ጋር ገጥሟል፣ አንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች። ደረቷ ሲያፏጭ ከሁለት እርምጃ ይሰማል። ያ ፉጨት የእኔው ነው፤ ሃያ ዓመት አብሮኝ ተኝቷል። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፦ ግማሽ ሰዓት እርምጃው፣ ሻርፑ፣ የጭሱ ቀን፣ ሲስቁ ዞር ማለቷ። ሳቅ ያስላታል። ለልጇ አልሰረቀችም፤ ለራሷ ነው። ይህች ሴት እኔን ዓመት ሙሉ ስታዋርድ የኖረችው ራሷም ባለባት በሽታ ነው።

እዚህ ላይ እጄ ወደ ካልሲዬ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ጎንበስ አልኩና ጆሮዋ ሥር፣ በቤተ መጻሕፍት ድምፄ፣ እንዲህ አልኳት፦

«ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ። እስከ አያትዎ።»

አፏ ተከፈተ። ምንም አልወጣም። ጠበቅሁ። ምን ያህል እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ ሁሉን የምቆጥረው እኔ ያን አልቆጠርኩትም። እጇ ሳሩን ነጨ፣ ከዚያ እግሬን ያዘ። ጣቶቿ ካልሲዬ ውስጥ ያለው ጠንካራ ነገር ላይ አረፉ። ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ቫዝሊኑ ሥር ወደ ሰማያዊነት ተለውጦ ነበር።

አወጣሁት። ነቅንቄ አፏ ላይ ያዝኩላት። አንድ። ጠበቅን። ሁለት። ጠበቅን። አራት ጊዜ ሳበች። ከጭሱ አርቄ፣ ወደ ፊት ደገፍ አድርጌ አስቀመጥኳት። ፉጨቱ እየቀነሰ፣ ትከሻዋ ከጆሮዋ እየወረደ መጣ። ሴቶቹ ሲመለሱ ተነሥታ ካፖርቱን ታራግፍ ነበር።

«ኮች፣ ምነው? ምን ሆኑ?» አለች ጫልቱ።

«እግሬን ወለም ብሎኝ ነው። ምን ታፈጣላችሁ? ሂዱ ወደ ቤታችሁ፣ ጭስ ነው።»

ወደ እኔ አላየችም። ባዶውን ፓፍ ግን ኪሷ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ።

በሚቀጥለው ልምምድ ካፖርቱ ሲነጠፍ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዘነበች ያን ባዶ ፓፍ እጄ ላይ አኖረችና ጣቶቼን በላዩ ዘጋቻቸው። «አንቺ ከዛሬ ጀምሮ የአንቺን በእጅሽ ያዢ» አለች። ሴቶቹ ተያዩ። ስድቧን አላቆመችም፤ ላይብረሪነቴም ቀጠለ። አዲሱ ነገር ደብተሬ ከዚያ ወዲህ አንድም ሳያጎድል ልክ መምጣቱ ነበር። በዚህ ደስ አለኝ። ደብተሬ ልክ የመጣው እሷ ያለ መድኃኒት ስለቀረች መሆኑን አላጣሁትም፤ አውቄው ነው ደስ ያለኝ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ኖራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ቡራዩ አንዲት ሐኪም አለች፣ አብረን እንሂድ» ማለት እችል ነበር። ለቤዛ አንድ ቃል መተንፈስ እችል ነበር፤ ለጫልቱ ብነግራት ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ይሰማው ነበር። አላልኩም። ራሷ ካልተናገረች እኔ ምን አገባኝ እል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ስትሰድበኝ ዓይኗን አየዋለሁ፣ ዓይኗን ከእኔ ታሸሻለች። ምስጢሯን መያዝ ጣፍጦኝ ነበር።

ለቅሶው ላይ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ፣ ድሮ ከእሷ ጋር አንድ ክለብ የሮጠች ሴት ስታወራ ሰማሁ። «ጎበዝ ነበረች፤ ምን ያደርጋል፣ ልጅ ሳለችም ደረቷን ብርድ ይመታት ነበር። በሽተኛ ነሽ ብለው አሰናበቷት። ከዚያ ወዲያ ታምሜያለሁ ስትል አልሰማናትም» አለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አዘንኩላት ብል እዋሻለሁ። ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተደረገባትን ይዛ መጥታ እኔ ላይ እንዳራገፈችው። እኔም ተቀብዬ መልሼ ለእሷ።

ያም ሆኖ አልተናገርኩም። ምናልባት እስከ ዛሬም አልናገርም ነበር።

በጥቅምት፣ አርባዋ ካለፈ በኋላ፣ ቡድኑ እንደገና መስኩ ላይ ወጣ። አሠልጣኟ ቤዛ ሆነች። ሃያ ዓመቷ ነው። የእናቷን ካፖርት አነጠፈች፣ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ለእኔ ግን «እትዬ፣ የእርስዎን በእጅዎ ይያዙ፤ እማዬ እንደዚያ ነበር የምታደርገው» አለችኝ። ወጣት ስለሆነች ግማሽ ሰዓቱን እርምጃ ትታዋለች፤ በሩጫ ጀመርን። አቀበቱ አናት ላይ ጫልቱ በኦሮምኛ የሆነ ቀልድ ጣል አደረገችና ሁላችንም ሳቅን። ቤዛ ፊቷን አዞረች። ጥቂት እርምጃ ራቅ አለች። ጀርባዋን አየሁት፤ ትከሻዋ ይነሣ ይወድቅ ነበር። ሳል ነው። አፍና የያዘችው ሳል።

ሴቶቹ ወደ አስፋልቱ ሲሄዱ «ጥቅሉን እኔ እይዝልሻለሁ» ብዬ ቀረሁ። እጅጌዎቹን እያሰረች ነበር።

«ቤዛ፣ ማታ ማታ ያስልሻል?»

«ብርድ ነው እትዬ። የቤተሰብ ነው።»

«ብርድ አይደለም። እናትሽም ብርድ አልገደላትም። አስም ነበረባት።»

ሳቅ ቃጣት። «እማዬ? እማዬ ስፖርተኛ ናት እኮ!»

ሁሉንም ነገርኳት። ከደብተሩ ጀመርኩ፤ ቫዝሊኑን፣ ስለ እሷ ያሰብኩትን፣ ባዶውን ፓፍ፣ ካልሲዬን። በእርምጃ መውረዴን ሳይቀር። ስሟን መጠየቄን ስነግራት ድምፄ ተለወጠ፤ ግን አልዘለልኩትም። ቤዛ ካፖርቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ሰማችኝ። ፊቷ እየነጣ ሄደ።

«ታውቂ ነበር» አለች። እርስዎነቱ ቀርቷል። «ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ዝንጅብል ሳጠጣት አንቺ ታውቂ ነበር። አንድ ስልክ! አንድ ስልክ ብትደውዪ…»

«አዎ።»

«መታመሟን አልሰማሁም በያ! ዋሺኝ እንጂ!»

«መታመሟን አልሰማሁም። ግን ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነበረኝ።»

«አንቺ… ሰው… አይደለሽም…»

ሌላም ልትለኝ ነበር፤ ሳሉ ቀደማት። ጎንበስ አለች። ካፖርቱ ከእጇ ወደቀ፣ ስልኳና ቁልፏ ሳሩ ላይ ተበተኑ። ደረቷ ሲያፏጭ ሰማሁ። ስሟን አልጠየቅኳትም። የፓፌን አፍ ውስጥ የሚገባ ጫፍ በቀሚሴ ጠርጌ ዘረጋሁላት። «የሰው ፓፍ አይጋሩም፤ ዛሬ ግን ያንቺ የለም» አልኳት። «ነገ ቡራዩ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ከፈለግሽ መንገዱን ሁሉ አታናግሪኝ።»

በእጇ መታችው። ፓፉ ሳሩ ላይ ወደቀ። አነሣሁት፣ ጠረግሁት፣ እንደገና ዘረጋሁ። ለሁለተኛ ጊዜ አልመታችውም። እንዴት እንደሚሳብ አሳየኋት፤ ሳበች፣ ጠበቅን፣ ደግማ ሳበች። ከዚያ ሳሩ ላይ ተቀመጠች። ጎጃም መንገድ ላይ መኪኖች ያልፋሉ።

እንባዋን በእናቷ ካፖርት እጅጌ ጠረገች። ፓፉን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነቀነቀችው፣ አዳመጠችው። አላየችኝም።

«ባዶ መሆኑ» አለች፣ «በምን ይታወቃል?»